ቀጠሮ አክባሪው

ጥር ፲፪ ቀን

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ፣

ሳጥኑ በደኅና ደርሶኛል። የአውቶቡሱ ሹፌር እንደ ልማዱ «እኅትዎ አደራ ብለውኛል» እያለ በሁለት እጁ አስረከበኝ፤ ከፍሬዎቹ አንድም የተጨፈለቀ የለም። ሳጥኑን በሚቀጥለው ሳምንት እልከዋለሁ። ደንባችንንም አልረሳሁም፤ ባዶውን አይመለስም።

አልተጣላንም፣ እትዬ። መልስ በማዘግየቴ እንዲያ አስበሽ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ ነውና ይቅርታ አድርጊልኝ። እውነቱን ልንገርሽ፤ አሞኝ ነው የከረምኩት። ከምሳ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ወደየጠረጴዛው ሲመለስ፣ ከግራ ዓይኔ ጀርባ ሕመም ይነሳል። የጋለ ምስማር ነው ብልሽ አላጋነንኩም። ያ ዓይኔ ብቻ ያነባል፤ ቆቡ ይወርዳል፤ አፍንጫዬም በዚያው ወገን ይደፈናል። ሌላው ራስ ምታት ሰውን ያስተኛል፤ ይህኛው ማስተኛት ቀርቶ አያስቀምጥም። የቢሮዬን በር ቆልፌ ከመስኮቱ እስከ መጻሕፍት መደርደሪያው እመላለሳለሁ። ሰዓት ያህል ያሠቃየኝና ብድግ ብሎ ይሄዳል። በማግስቱ በዚያው ሰዓት ይመለሳል። በዳኝነት ዘመኔ እንዲህ ያለ ባለጉዳይ ገጥሞኝ አያውቅም፤ አንድ ቀን እንኳ ይለወጥልኝ ብሎ አያመለክትም። ስለዚህ ስሙን «ቀጠሮ አክባሪው» ብዬዋለሁ።

አምናም በዚህ ወቅት መጥቶ ጥርሴ መስሎኝ ነበር፤ ጤነኛ መንጋጋ አስነቀልኩ። ዘንድሮ ግን ዕድሜያቸው ለጋ፣ አነጋገራቸው የበሰለ ሴት ሐኪም አገኘሁ። «ክላስተር» የሚባል የራስ ምታት ነው አሉኝ። እንደ ወይን ዘለላ ተያይዞ ለሳምንታት ይመላለስና ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመት ይጠፋል። ሕይወት የሚያጠፋ አይደለም ብለውኛልና አትደንግጪ።

በፍርድ ቤቱ ይህን የሚያውቅ ሬጅስትራሩ ብቻ ነው፤ እሱም ያወቀው በሩን መቆለፍ በረሳሁበት ቀን ነው። ሌላ ሰው እንዲሰማ አልፈልግም። የፈረሰው ሕንፃ ጉዳይ በእኔ ሰብሳቢነት እየተሰማ ነው። ፍሬ ነገሩን እንደማልጽፍልሽ ታውቂያለሽ፤ ይህን ያህል ግን ልበልሽ። ሰብሳቢው ዳኛ በሕመም ከተነሣ ምስክሮቹ እንደ አዲስ ይሰማሉ ማለት ነው፤ በሕንፃው የተጎዱት ቤተሰቦች ደግሞ ዓመታት ጠብቀዋል። በፊተኛው ወንበር የሚቀመጡ አንዲት እናት አሉ። ችሎት በዋለ ቁጥር ለልጅ ልጃቸው ሹራብ ይሠራሉ። ጉዳዩ ሲጀመር የሚሠሩት የሕፃን ሹራብ ነበር። አሁን እጅጌው ረዝሟል።

አክባሪ ወንድምሽ


ጥር ፳ ቀን

አባ ይግባኝ፣

ጤነኛ መንጋጋ! ልጅ ሳለህ እናታችን «ተኛ» ስትልህ እስክትሰለች ድረስ ይግባኝ የምትል ሰው፣ ጥርስ ሐኪሙ ዘንድ ስትደርስ ምላስህ ተያዘና አፍህን ከፈትክለት? አነበብኩና ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ፤ ከዚያ ተነሥቼ ዛፎቼን ውኃ አጠጣሁ። ምን ላድርግ? ይህ ጉልበቴ ደረጃ ባየ ቁጥር ባይከዳኝ ኖሮ ደብዳቤ አልጽፍም፣ ራሴ እመጣ ነበር።

የሐኪሟን ስማ፤ የእኔንም ስማ። ማታ ማታ ከዳኞች ጋር የምትቀምሳትን ወይን ተዋት። «አንድ ብርጭቆ ብቻ» እንዳትለኝ፤ የአንተን አንድ ብርጭቆ አውቃታለሁ፣ እግር አውጥታ ትሄዳለች። በጊዜ ተኛ፣ በዚያው ሰዓት ተነሣ፤ እሑድም ቢሆን። ሕመሙ ሲጀምርህ ቤት ውስጥ አትታፈን፣ ቀዝቃዛ አየር ወዳለበት ውጣ። ዝንጅብል አፍልተህ ጠጣ። ዋናው ግን በሳጥኑ ያለው ነው። ከብርቱካኖቹ ሥር ያስቀመጥኳቸውን ትልልቆቹን፣ መራራዎቹን ግሬፕፍሩቶች እየጨመቅህ ጠዋት ጠዋት ጠጣቸው። ስኳር እንዳትጨምር! ምሬቱ ነው ራስ የሚያጠራው። ጎረቤቶቼ ሁሉ ይመሰክራሉ፤ ምስክር ትወድ የለ?

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ መልስህን አታሳጥርብኝ። የሚያነባው ግራው ብቻ ነው? ቀኙ ጭራሽ ደረቅ ነው? ሐኪሟስ ኪኒን አላዘዙልህም? ስትመላለስስ እጅህን የት ታደርጋለህ? ለምን ጠየቅሽ እንዳትለኝ።

ሳጥኑ ውስጥ ለላክህልኝ የመግረዣ መቀስ አመሰግናለሁ። ስለቱ ያስፈራል፤ እንደ አንተ ዝምታ ነው።

እትዬህ


የካቲት ፱ ቀን

ውድ እትዬ፣

ግራው ብቻ ነው። ቀኙ በወንድሙ ሥቃይ እንደማያገባው ሰው ደረቅ ነው። ስመላለስ የግራ መዳፌን ዓይኔ ላይ ጫን አደርጋለሁ፤ ቀኝ እጄን ጀርባዬ ላይ። ያዘዝሽኝን አክብሬ ለምን እንደጠየቅሽ አልጠይቅም፤ መጠየቅ ግን እፈልጋለሁ።

ደስ የሚል ወሬ ልንገርሽ። ሐኪሟ ኦክስጅን አዘዙልኝ። ሕመሙ ገና «መጣሁ» ሲል ቀጥ ብዬ ቁጭ ብዬ በጭምብሉ በኃይል የሚነፍሰውን ኦክስጅን እስባለሁ፤ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ምስማሩ እየለሰለሰ ይሄዳል። የሚያድነኝ ሁልጊዜ አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ነው። ሲሊንደሩን ከሬጅስትራሩ ጋር ሆነን ካባዬ በሚሰቀልበት ማዕዘን ደበቅነውና ካባውን ደረብንበት። ከበሩ ቆሞ ላየው ከእኔ ቀድሞ የገባ አጭር ዳኛ ይመስላል። ሬጅስትራሩ አንድ ቀን ተሳስቶ እጅ ነሣው።

ወይኑን በተመለከተ ሐኪሟም ቃል በቃል ያልሽውን አሉ፤ በእነዚህ ሳምንታት አንድ ጉንጭ እንኳ ሕመሙን ይጠራዋል። የእንቅልፉንም ነገር ደግፈዋል። እንግዲህ በሁለት ፍርድ ቤት ስለረታሽኝ ይግባኝ አልልም።

ስለ ኪኒን ላነሣሽው ግን፣ የሐኪሟ ዋና ትኩረት ኦክስጅኑ ነው።

ጭማቂውን ያስታጎልኩበት ጠዋት የለም። መራራነቱ እስከ ጆሮዬ ይሰማኛል፤ አንቺም ከጎኔ ቆመሽ «ጨርሰው!» የምትዪ ይመስለኛል። ብቻውን ለሚኖር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ወንድምሽ


የካቲት ፳፬ ቀን

አባ ይግባኝ፣

አጭሩን ዳኛ ሰላም በልልኝ። ከአንተ ይልቅ ሳይሻል አይቀርም፤ እሱ ቢያንስ ሲጠይቁት ይነፍሳል። ስለ ኪኒን የሰጠኸኝ መልስ የባለሥልጣን መልስ ነው። ይሁን፣ ኦክስጅኑ ከሠራ እኔ ምን ቸገረኝ።

ሹፌሩ ባለፈው ሳምንት ሲያይህ «ፊታቸው ነጣ ብሏል፣ ደረጃውን ሲወጡ እረፍት ያደርጋሉ» ብሎኛል። ሰውየው ለነዳጅ ነው እንጂ ለምስጢር አይሆንም፤ አትቆጣው። ሕመሙ አድክሞህ ነው ብዬ ይኸው ሳጥኑን ሞልቼዋለሁ። የግሬፕፍሩት ዛፏ እንደ ዘንድሮ አፍርታ አታውቅም፤ ቅርንጫፏ መሬት ነክቷል። ከእንግዲህ አንድ ብርጭቆ አይበቃህም፣ ሁለት አድርገው። አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ችሎት ከመግባትህ በፊት።

የዓይንህን ነገር ለምን እንደጠየቅሁህ ደግመህ ስትጽፍ «አልጠይቅም» እያልክ ጠይቀሃል። ጊዜው ሲደርስ እነግርሃለሁ። በስልክ የሚነገር አይደለም፤ በደብዳቤም ገና ነው።

እትዬህ


መጋቢት ፲ ቀን

ውድ እትዬ፣

የእጅ ጽሑፌ ስላልሆነ ግር እንዳይልሽ፤ እኔ እየተናገርኩ ሬጅስትራሩን ነው የማስጽፈው። ትናንት ችሎት ላይ ጥቂት ተንሸራተትኩ። ለጥንቃቄ ያህል ሆስፒታል አሳድረውኛል። የአልጋው አንሶላ ንጹሕ ነው፤ በመስኮቱ የሚታየው ዛፍ የአንቺን አያህልም። ነገ ተነገ ወዲያ እወጣለሁ። ሥራሽን ትተሽ በዚያ ጉልበትሽ እንዳትነሺ አደራ እልሻለሁ። ሳጥኑ ሳይመለስ ስለቆየ ይቅርታ።

ወንድምሽ

የተከበሩ እኅት፦ ክቡር ዳኛው ያሉትን ሳልቀንስ ጽፌአለሁ፤ ከዚህ በታች ያለው ግን የራሴ ነው። እንቅልፍ ስለወሰዳቸው ነው የምጽፈው። አልተንሸራተቱም። ችሎቱን ለመክፈት ከወንበራቸው ሲነሡ ወደቁ። የልብ ምታቸው እጅግ ዝቅ ብሎ ነበር፤ አሁን ተሽሏቸዋል፣ ያነጋግራሉ፣ የሾርባውንም ጨው ይተቻሉ። ሐኪሟ ምን እንደሚበሉና እንደሚጠጡ ሲጠይቋቸው «እንደ ማንኛውም ሰው» እያሉ አስቸገሩ። ስልክዎን ለሐኪሟ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ጥፋት ከሆነ በእኔ ላይ ይሁን። — ሬጅስትራሩ


መጋቢት ፲፬ ቀን

ወንድም ዓለሜ፣

የሬጅስትራሩን እጅ ሳምልኝ።

ሐኪሟ ደወሉልኝ። ድምፃቸው እንደ ልጃገረድ ነው፣ ጥያቄያቸው እንደ አንተ። «ምን ምን ይልኩላቸዋል?» አሉኝ። ብርቱካን አልኩ። «ሌላስ?» ሎሚ። «ሌላስ?» ግሬፕፍሩት አልኩ። ከዚያ ቀስ ብለው ነገሩኝ። ኪኒን እየወሰድክ ኖሯል፤ ሕመሙ ከነጭራሹ እንዳይመጣ የሚከላከል፣ የልብ ምትን ግን የሚያዘገይ ኪኒን። ያ መራራ ፍሬ ደግሞ ኪኒኑ በሰውነትህ ውስጥ እንዳይፈርስ ይይዘዋል፤ ይጠራቀማል፤ አንድ ኪኒን የዋጥህ መስሎህ የብዙ ኪኒን ጉልበት ይሆናል። እኔ ደግሞ ሁለት ብርጭቆ አድርገው አልኩህ። በእጄ ጽፌ። ችሎት ከመግባትህ በፊት ብዬ!

መጥረቢያውን አስልቻለሁ። በወሩ ማለቂያ አናጢው ጎረቤቴ ይመጣና ዛፏን ይጥልልኛል። ከአሁን በኋላ ከጓሮዬ ምንም አልልክልህም። ሳጥኑንም አትመልሰው።

ከመጨረሴ በፊት የደበቅሁህን ልንገርህ፤ ብትሞት ኖሮ ሳልነግርህ ነበር የምትሄደው።

አባባ እዚሁ ቤት፣ በዕቃ ቤቱ ውስጥ በሩን ዘግቶ የሚውልባቸው ወራት ትዝ ይሉሃል? እናታችን «አባታችሁ ተቆጥቷል፣ ድምፅ አታሰሙ» ትለን ነበር። አንተ ሁልጊዜ ምን አጥፍቼ ነው እያልክ ጥፍርህን ትበላ ነበር። አንድ ቀን በበሩ መወርወሪያ ቀዳዳ አጮለቅሁ። አባባ አልተቆጣም። የግራ መዳፉን ዓይኑ ላይ ጫን አድርጎ፣ ቀኝ እጁን ጀርባው ላይ አድርጎ፣ በእህሉ ጆንያዎች መካከል ይመላለስ ነበር። እጁን ሲያነሣ አየሁት። በአንድ ዓይኑ ብቻ ያለቅስ ነበር። ሰው በአንድ ዓይኑ እንዴት ያለቅሳል ብዬ እናታችንን ስጠይቃት አፌን በእጇ ያዘችው። «ሰው ከሰማ ሥራውን ይነጥቁታል» አለችኝ። ያኔ ባቡር ነጂ ነበር፤ ይህን ታውቃለህ። አስማለችኝ። እኔም ከእሷ ሞት በኋላ እንኳ መሐላዬን ጠበቅሁ፤ ምን ይጠቅማል ብዬ።

የጥር ደብዳቤህን ሳነብ አወቅሁ። አባታችን አንድም ቀን ተቆጥቶን አያውቅም ነበር፣ ወንድሜ።

እትዬህ


መጋቢት ፳፮ ቀን

እትዬ፣

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ስለ አባባ የምጽፈው ቃል ገና አላገኘሁም። ዕድሜዬን ሙሉ የዚያ በር መዘጋት የእኔ ጥፋት ይመስለኝ ነበር፤ ዳኛም የሆንኩት ጥፋቱ የማን እንደሆነ ለማወቅ ሳይሆን አይቀርም። ይህን ለሌላ ሰው አልጽፈውም።

አስቸኳዩን ላስቀድም። አናጢው መጥረቢያውን እንዳያነሣ ይህ ውሳኔ ይድረስልኝ፦

ተከሳሽ፦ ከጓሮው ጥግ የቆመችው የግሬፕፍሩት ዛፍ። ክሱ፦ የአንድን ዳኛ ልብ ማዘግየት። ተከሳሿ ፍሬ ከማፍራት በቀር የሠራችው የለም። ባለቤቷም ያላወቀችውን አደጋ ልታስጠነቅቅ አትችልም። ጥፋተኛው ሌላ ሰው ነው። ይህ ሰው ሙሉ ዘመኑን «ሌላውን ወገን ሳትሰማ አትፍረድ» እያለ ወጣት ዳኞችን ሲያስተምር ኖሮ፣ በራሱ ጉዳይ ግን ሐኪሙንና እኅቱን ለየብቻ ሰማ፤ አንዳቸው ሌላው ያለውን እንዲያውቅ አላደረገም። ዛፏ በነፃ ትሰናበት። መጥረቢያው ወደ ቦታው ይመለስ። ይግባኝ የለውም።

ለምን እንደዋሸሁሽ ልንገርሽ። ኪኒኑ የልብ መድኃኒት ጭምር መሆኑን ብትሰሚ እንቅልፍ አይወስድሽም ብዬ ነው። ለሐኪሟ ደግሞ ፍሬውን ያልነገርኳቸው፣ በአንቺ እንዳይስቁ ብዬ ነው። ሁለታችሁንም ከሌላኛችሁ ስጠብቅ ራሴ ወለሉ ላይ ተገኘሁ።

ሐኪሟ ከአልጋዬ አጠገብ ተቀምጠው «ከኪኒኑ ሌላ የሚወስዱት ነገር አለ ወይ ብዬ ጠይቄዎት ነበር» አሉኝ።

«መድኃኒት ማለትዎ መስሎኝ» አልኩ።

«ክቡር ዳኛ፣ ምስክር እንዲህ ብሎ ቢመልስልዎ ምን ይሉት ነበር?»

«ያውቅ ነበር እለው ነበር።»

«ያውቁ ነበር?»

እሳቸው ግን አልሳቁም፤ በአንቺም አልሳቁም። የላክሽውን ምክር ሁሉ አንድ በአንድ አስነበቡኝ። እንቅልፉ በሰዓቱ ይሁን። ወይኑ ይቅር። ቀዝቃዛው አየርና መራመዱ ካስታገሠኝ ይቀጥል። ዝንጅብሉን «በልኩ ከሆነ አልከለክልም፤ ያድንዎታል ብዬ ግን አልዋሽም» አሉ። ኪኒኑ በትንሹ እንደገና ተጀምሯል፤ መጠኑ ከመጨመሩ በፊት ልቤ በየጊዜው ይመረመራል። ለከባድ ቀን የሚሆን መርፌም አለ፤ ልቤ እስኪጣራ አቆይተውታል። ኦክስጅኑ እንዳለ ነው። የቀረው መራራው ፍሬ ብቻ ነው። «ለእኅትዎ ግን ይንገሩልኝ፤ ሲደወልላቸው ሳይደብቁ የሚመልሱ ሰው እንዲህ አይገኙም» ብለውኛል።

የቀረኝ አንድ ነገር አለ። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ምን እንደሆንኩ በጽሑፍ እንዳስረዳቸው ጠይቀውኛል። «ድካም» ብዬ ብጽፍ የሚጠራጠር የለም። እውነቱን ብጽፍ ጉዳዩን ከእጄ ሊወስዱት ይችላሉ፤ ያ ሹራብ ደግሞ ሌላ እጅጌ ይጨምራል። ወረቀቱ ከፊቴ ነው።

ወንድምሽ


ሚያዝያ ፪ ቀን

አባ ይግባኝ፣

ዛፏ ቆማለች። አናጢው ውሳኔህን ሳነብለት ባርኔጣውን አወለቀ። ፍሬዋን ለጎረቤት አድያለሁ፤ መጀመሪያ ግን እያንዳንዳቸውን «ምን ኪኒን ትውጣላችሁ?» እያልኩ መርምሬ ነው። አሁን በሰፈር «ሐኪሟ» እያሉ ያሾፉብኛል።

የምመክርህ የለኝም፤ ምክሬ ምን እንዳደረገህ አይተናል። አንድ ነገር ብቻ ልበል። እናታችን ለአባባ ሥራ ብላ ዝም አለች፤ ሥራው ተረፈ። እኛ ግን የሌለ ቁጣ እየፈራን አደግን። አባባም ልጆቹ ለምን እንደሚሸሹት ሳያውቅ ሞተ። ዝምታ ያተረፈውንም ያጎደለውንም አንተ መዝነው፤ ሚዛን የአንተ ሥራ ነው።

ደግሞ ያቺ ሹራብ ሠሪ፣ ዳኛው ዓይኗ እያየ የወደቀባት ሴት፣ የማታውቅ ይመስልሃል?

እትዬህ


ሚያዝያ ፳፰ ቀን

ውድ እትዬ፣

ጻፍኩት። የበሽታውን ስም፣ ወቅቱን፣ ኪኒኑን፣ ካባ የለበሰውን ሲሊንደር ሁሉ። ፕሬዚዳንቱ አንብበው ጨረሱና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ለዚህ ነው ከምሳ በኋላ በር የምትቆልፈው?»

«ለዚህ ነው።»

«እኛ እኮ ይተኛል እያልን ስናማህ ነው የኖርነው!»

ይህን ሁሉ ጊዜ ክብሬን ስጠብቅ በእንቅልፋምነት ስታማ ኖሬአለሁ፤ ሳቂ፣ እኔም ስቄአለሁ። ከዚያ ግን ቁም ነገሩ መጣ። ጉዳዩ በእጄ እንዲቆይ ሦስት ነገር ጠየቁኝ፤ የሐኪሟ ማረጋገጫ ይቅረብ፣ በሕመሙ ወራት ችሎቱ ጠዋት ጠዋት ብቻ ይዋል፣ ተከራካሪዎቹም በግልጽ ችሎት ተነግሯቸው ተቃውሞ ካላቸው ያቅርቡ። የመጨረሻው ከበደኝ። ቢሆንም ተናገርኩት። ጠበቆቹ በሁለቱም ወገን ተነሥተው ተቃውሞ የለንም አሉ።

ከዚያ ቀጠሮ አክባሪው ለመጀመሪያ ጊዜ ቀጠሮውን አፈረሰ። ትናንት ረፋዱ ላይ፣ ምስክር እየሰማን፣ ምስማሩ ጀመረኝ። ድሮ ቢሆን «መዝገቡን ለመመርመር» ብዬ ችሎቱን እበትን ነበር። ትናንት ግን «አሞኛል፤ ለአጭር ጊዜ እናቋርጣለን፤ እመለሳለሁ» አልኩ። ልወጣ ስል እኒያ እናት ከወንበራቸው ሳይነሡ፣ ሳይፈቀድላቸው ተናገሩ።

«ቀስ ብለው፣ ልጄ። እኛ መጠበቅ እንችልበታለን።»

ችሎት ውስጥ ሳይፈቀድለት የተናገረን ሰው ሳልገሥጽ ያለፍኩበት የመጀመሪያ ቀን ነው። «ልጄ» የተባልኩበትም።

ቢሮዬ ገብቼ ጭምብሉን አደረግሁ። ሬጅስትራሩ እንደ ልማዱ በሩን ሊቆልፍ ሲሄድ በእጄ ምልክት ከለከልኩት። በሩ ተከፍቶ ቀረ። በኮሪደሩ የሚያልፉት ሁሉ አዩኝ፤ አንዲት ጸሐፊ ቆም ብላ «ውኃ ላምጣልዎት?» አለች። ይኸው ነው፣ እትዬ። ይህን ሁሉ ዘመን የፈራሁት ነገር አንዲት ልጅ ውኃ ላምጣልዎት ስትል ኖሯል። ስለ አባባ ያኔ ነው ያለቀስኩት። በሁለቱም ዓይኔ።

ስመለስ ከወንበሩ የተነሣ ሰው አልነበረም። ምስክሩን ሰምተን ጨረስን። የመጨረሻው ምስክር ነበር፤ አሁን የቀረው ፍርዱን መጻፍ ነው።

ሕመሙ እየሳሳ ነው፤ ወቅቱ ሊያልፍ ይመስለኛል። ይመለሳል፤ ሐኪሟም አልደበቁኝም። ሲመለስ ግን የሚያውቁት ሰዎች መካከል ነው የሚያገኘኝ።

ሳጥኑን አትመልሰው ብለሽኝ ነበር። ይህን አንድ ትእዛዝሽን ጥሻለሁ፤ ከሹፌሩ ጋር ተልኳል። ውስጡ ለጉልበትሽ የሚሆን ከዘራ አለ።

ወንድምሽ


ግንቦት ፳፩ ቀን

አባ ይግባኝ፣

ፍርዱ መነበቡን ከሹፌሩ ሰማሁ፤ ዜናውን ከሬዲዮ ቀድሞ ነው ያደረሰኝ። ያቺ ሴት ስትወጣ ሹራቡን በደረጃው ላይ ለልጅ ልጇ ስታለብሰው አየሁ ብሎኛል፤ እጅጌው ትንሽ ረዝሟል አለ። ረዘም ቢል ምን ችግር አለው፣ ልጁ ያድግበታል።

ከዘራው ልክ ነው። ይዤው አውቶቡስ ጣቢያ ድረስ ሄጄ ተመልሻለሁ፤ ልምምድ ነው። የሚቀጥለው ወቅት ሲመጣ በሩ ሥር ወንበር አዘጋጅልኝ፤ ከሐኪሟም ጋር የምነጋገረው አለኝ።

አሮጌው ሳጥን ታችኛው ጣውላው ስለበሰበሰ በአዲስ ነው የላክሁልህ። ኮክ ነው የሞላሁት፤ ሐኪሟን ደውዬ ጠይቄአለሁ፣ ከኪኒንህ ጋር አይጣላም። ሳጥኑን ግን ቶሎ አትገልብጠው። ጎኑን እይ። ጣውላውን ታውቀዋለህ። አናጢው ጎረቤቴ የዕቃ ቤቱን በር ነቅሎ ነው የሠራልኝ፤ ዕቃ ቤቱ ከእንግዲህ በር የለውም። በቀኝ በኩል ያለው ቀዳዳ የመወርወሪያው ነው፣ ያ ያጮለቅሁበት። አናጢው ልድፈነው ሲለኝ ተው አልኩት፤ ኮኩ ይተንፍስበት።

ደንባችንን ታውቃለህ። ባዶውን አይመለስም።

እትዬህ